ሐዘን ገደብ አለው፤ ሐሜት ግን የለውም

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ሰፈራችን አንዲት ጎረቤት አለችን። ባሏ የሞተው እሷ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላት ነው። ይኸው ሰባት ዓመት ሙሉ ጥቁር ልብስ ከላይዋ አልወረደም። ሰፈርተኛው «ባሏን የምትወድ ሚስት እንዲህ ናት» እያለ ያወድሳታል፤ እኔም ከአወዳሾቿ አንዱ ነበርኩ። በቅርቡ አንድ ጨዋ ሰው ሽማግሌ ቢልክባት መለሰቻቸው። ምክንያቷን ስጠይቃት የሟቹን ፍቅር አላነሳችም። «ወንድሜ፣ ሰው ምን ይለኛል?» ነበር ያለችኝ።

መልሷ ቀደም ሲል ያየሁትን አንድ የሕንድ ፊልም አስታወሰኝ። በ2014 እ.ኤ.አ. በማራቲ ቋንቋ የወጣው «ራማ ማዳቭ» የማራታው ገዥ የማዳቭራኦንና የሚስቱን የራማባይን ፍቅር ይተርካል። ባልየው በ1772 እ.ኤ.አ. በሳንባ ነቀርሳ ሲሞት ሚስቱ ከአስከሬኑ ጋር በእሳት ነደደች። ተመልካች ያለቅሳል፤ እኔም አልቅሻለሁ። ለመሆኑ ራማባይ መኖርን ብትመርጥ ኖሮ ፍቅሯ ሐሰት ይሆን ነበርን? እንግሊዞች ይህን ልማድ በ1829 እ.ኤ.አ. ቤንጋል ውስጥ ከለከሉ። ባሏ የሞተባት ሂንዱ እንደገና እንድታገባ የሚፈቅደው ሕግ የወጣው ግን በ1856 እ.ኤ.አ. ነው። እሳቱ ቢጠፋም በብዙ ቤት የተላጨ ራስና የዕድሜ ልክ ሐዘን ቀረ።

በአገራችን እንዲህ ያለ እሳት የለም። ይሁንና ፊት መንጨትና ፀጉር መላጨት ነበረን፤ በአንዳንድ አካባቢም ሚስቲቱን እንደ ንብረት ለሟች ወንድም ማውረስ አለ። የሴት ክብር በባል እስትንፋስ ላይ ሲንጠለጠል ምን እንደሚመጣ እንጦጦ ራሱ ይመሰክራል። እቴጌ ጣይቱ አፄ ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ ከቤተ መንግሥት ርቀው በዚያ ተራራ ኖሩ፤ በ1910 ዓ.ም. እዚያው አረፉ። የእሳቸው ነገር የሥልጣን ትግል ነበር። ቢሆንም እቴጌ እንዲህ ከሆኑ ተራዋ ሴት እንዴት ትሆን?

ኢስላም ለሐዘን ቀን ቆርጦለታል። ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳ አራት ወር ከአሥር ቀን ነው፤ እርጉዝ ከሆነች እስክትወልድ። ከዚያ በኋላ በመልካም መንገድ ስለ ራሷ የምትወስነው ነገር እንደማያስወቅሳት ቁርኣን ይነግረናል። ሴትን በግዴታ መውረስንም ይከለክላል። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ባለቤቶች ኸዲጃና ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ባል ሞቶባቸው የነበሩ ናቸው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግም በመርሕ 180 ቀን ጠብቃ እንድታገባ ይፈቅዳል። ታዲያ ሃይማኖትም ሕግም የቆረጡትን ጊዜ እኛ በምን ሥልጣን ነው ዕድሜ ልክ ያደረግነው?

«ለባሏ ፍቅር ወይም ለልጆቿ ስትል ሳታገባ የምትቀርስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ምርጫዋ ከሆነ ክብር ይገባታል። ነገር ግን ሚስቱ የሞተችበት ወንድ በጥቂት ወር ሲያገባ «ልጆቹን ማን ያሳድግለት» እያልን እንመርቀዋለን። ሴቲቱ ሽማግሌ ሲመጣላት «የባሏ አፈር ሳይደርቅ» እንላለን። የምንጠብቀው የሟቹን ክብር ቢሆን ኖሮ ሚዛኑ አንድ በሆነ ነበር።

ጎረቤቴን ያሰራት ሟች ባሏ አይደለም። ያሰራት የእኛ ምላስ ነው፤ ውዳሴያችን ጭምር። እኔ በበኩሌ ያንን ውዳሴ መልሼ ወስጃለሁ። ሽማግሌዎቹ ዳግም ቢመጡ መልሱ የእሷ ብቻ ይሁን።

ወላሁ አዕለም።