ያልተነገረውን ማን ይሰማዋል?

በመተማና በአካባቢው በሚገኘው የምዕራብ ጎንደር ቆላ የሰሊጥ ሥራ ሲደርስ ከደጋው እጅግ ብዙ ወጣት ይወርዳል። ከእነዚህ አንዱ ትኩሳት ይዞት ሐኪም ፊት ሲቀርብ «እንዴት ነህ?» ቢሉት፣ አስቀድሞ «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ሐሰት መናገሩ አይደለም፤ ወጉ ነው። ሕመሙን የሚገልጸው ቆይቶ፣ ያውም ከተጠየቀ ነው። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ መቆየቱ፣ ማሳ ዳር ከግራር ሥር ማደሩ ካልተነገረ፣ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር እንደ ወባ ተቆጥሮ ሊታለፍ ይችላል። ካላዛር ደግሞ ካልታከሙት ከሞት የሚያመልጥ እምብዛም የለም። ስለዚህ በዚህ አገር ንግግር ራሱ የሕክምና ክፍል ነው።

ይህን ንግግር የሚመረምሩ ሊቃውንት አሉ። እ.ኤ.አ. በ1984 ዓ.ም. በአሜሪካ ቤክማንና ፍራንክል የተባሉ ተመራማሪዎች 74 የሕክምና ቃለ ምልልሶችን በቴፕ ቀርጸው ባጠኑ ጊዜ፣ ሐኪሞቹ በአማካይ በ18 ሰከንድ ውስጥ የበሽተኛውን ቃል እንደሚያቋርጡ ተገነዘቡ። በእኛ ወግ 18 ሰከንድ ለሰላምታው እንኳ አይበቃም! ዛሬ ይህን ድካም ኮምፒዩተር ያቃልለዋል፤ የተቀረጸውን ድምፅ ወደ ጽሑፍ ይለውጣል፣ ማን ምን ያህል እንደ ተናገረ፣ ማን ማንን እንዳቋረጠ ይቆጥራል። ሐኪሙ ራሱን የሚያይበት መስታወት ከሆነ መልካም ነው።

ነገር ግን ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው የዝምታ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. የቀረበ አንድ ጥናት፣ ዊስፐር የተባለው ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ከተፈተነባቸው ቅጂዎች 1 በመቶ ያህሉ ላይ ማንም ያልተናገረውን ቃል ፈጥሮ እንደ ጨመረ፣ ይህም ዝምታ በሚበዛባቸው ላይ ይበልጥ እንደ ታየ ገልጿል። የእኛ በሽተኛ አንገቱን ደፍቶ ዝም ሲል ብዙ ይናገራል። ያንን ዝምታ በፈጠራ ቃል መሙላት በሐሰት ከመመስከር በምን ይለያል?

ሁለተኛው የፈቃድ ጥያቄ ነው። በትኩሳት የሚንቀጠቀጥ የቀን ሠራተኛ መድኃኒቱን በያዘው ሰው «ቃልህን እንቅረጸው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ እምቢ ለማለት ምን ያህል ነጻ ነው? ለሐኪም የተነገረ ምስጢር አደራ ነው፤ ኑዛዜ የምንሰማ ካህናት የአደራን ክብደት እናውቃለን። ስለዚህ ባይፈቅድ ሕክምናው እንደማይጓደልበት በሚገባው ቋንቋ፣ በአማርኛም ሆነ በጉሙዝኛ ወይም በሱዳን ዓረብኛ፣ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

እንግዲህ መሣሪያው ቃላችንን ይቍጠርልን። «ደኅና ነኝ» ያለውን ሰው «በእውነት ደኅና ነህን?» ብሎ ደግሞ መጠየቅና መልሱን መጠበቅ ግን የእኛ ድርሻ ሆኖ ይኖራል።