አጥንት ቆጠራ

 

በዚህ ሳምንት ሁለት መልእክቶች ደረሱን። የመጀመሪያውን የላከችው ዩኒቨርሲቲ ከገባች ገና ወራት የሆናት እህታችን ናት። በአንትሮፖሎጂ ክፍለ ጊዜ መምህሩ የድንቅነሽን አጽም ምስል አሳይቶ ስለ ዝግመተ ለውጥ ሲያስረዳ እሷ ደብተሯን ዘግታ ተቀመጠች። «ብጽፈው እምነቴን የካድኩ መሰለኝ፤ እንዳልተወው ደግሞ ፈተና አለ። ከዝንጀሮ መጣን ከተባለ የሰው ክብሩ ምኑ ላይ ነው?» ትላለች።

ሁለተኛው ከአንድ ወንድማችን ነው። ሊያገባት ያሰባት ልጅ ሶላቷን የማታሳልፍ፣ ቁርኣን ያኸተመች ናት። እናቱ ግን እምቢ ብለዋል። የልጅቷ አያት ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። «እናቴ "አጥንቷ ለእኛ አይሆንም" አለችኝ። ምን ልበላት?» ይላል።

ሁለቱም የጠየቁት ስለ አጥንት ነው። አንዷ ከአፋር ምድር ስለተቆፈረው፣ ሌላው አማርኛችን ዘርን ስለሚጠራበት። እኔ ደግሞ ሁለቱ ጥያቄዎች በሥራቸው አንድ ናቸው ባይ ነኝ።

ከተቆፈረው እንጀምር። ድንቅነሽ፣ ዓለም ሉሲ የሚላት፣ እ.ኤ.አ. በ1974 አፋር ውስጥ ሐዳር በተባለ ስፍራ ተገኘች። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ ተሰብስቧል። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ አእምሮዋ የዛሬ ሰው አንድ ሦስተኛ ያህል ቢሆን ነው፤ ትሄድ የነበረው ግን በሁለት እግሯ ነው። በኋላ እዚያው አፋር ውስጥ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው «አርዲ» ተገኘች። የእኛው የሰው ዝርያ ናቸው ከሚባሉት ደግሞ የሄርቶዎቹ ራስ ቅሎች 160,000 ዓመት ገደማ፣ የኦሞ ኪቢሹ ከ230,000 ዓመት በላይ፣ ሞሮኮ ጀበል ኢርሁድ የተገኙት 300,000 ዓመት ገደማ ናቸው።

ስሞቹንም ልብ በሉ። «አርዲ» በአፋርኛ መሬት ማለት ነው። የሳይንስ ስሟ ውስጥ ያለው «ራሚድ» ሥር ማለት ነው። የሄርቶው ሰው «ኢዳልቱ» ተብሏል፤ ታላቅ፣ ሽማግሌ እንደማለት። ሳይንስ ለእነዚህ ጥንታዊ አጽሞች ስም ሲያወጣ የተበደረው ከአፋር ሙስሊም አርብቶ አደሮች ቋንቋ ነው።

እህቴ ሆይ፣ በመጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል። ትምህርቱ «ሰው ዛሬ ከምናየው ዝንጀሮ መጣ» አይልም። ሰውና ዛሬ ያሉት ጦጣ መሰል እንስሳት በጣም ሩቅ በሆነ ዘመን የጋራ ቅድመ አያት ነበራቸው ነው የሚለው። ልንቃወመው እንኳ ብንፈልግ የሚለውን አውቀን መሆን አለበት። አንድ የትምህርት ዘርፍ የሚለውን ለይቶ ማወቅና በፈተና ወረቀት ላይ በታማኝነት መጻፍ ክህደት አይደለም። ደብተርሽን ክፈቺ።

እምነታችንስ? አላህ (ሱ.ወ) አደምን ከአፈር እንደፈጠረ ቁርኣን ነግሮናል። ይህን ያወቅነው በወሕይ ነው እንጂ በቁፋሮ አይደለም። ዓሊሞች በዚህ ዘመን ብዙ ተነጋግረውበታል። ዝግመተ ለውጥን በጠቅላላ የማይቀበሉ አሉ። በሌሎች ፍጥረታት ላይ ሊሆን ይችላል፣ የአደም አፈጣጠር ግን ለብቻው የሆነ ተአምር ነው የሚሉ አሉ። ከአደም በፊት ምድር ላይ ሰው የሚመስል ፍጡር ነበር ወይስ አልነበረም በሚለው ላይ ወሕይ ግልጽ አድርጎ ስላልነገረን ዝም እንላለን የሚሉም አሉ። እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ ዝርዝሩን የምታምኚውን ዓሊም ጠይቂ። ግን በአጽሙ ተቆጥቶ «ውሸት ነው፣ በላስቲክ የተሠራ ነው» ማለት ዲንን መከላከል አይሆንም። «አርዲ» የሚለው ስም ከዐረብኛው «አርድ» ጋር ስለገጠመ ብቻ ተአምር ተገኘ ብሎ መለጠፍም ዲንን መርዳት አይደለም። ሐቅ በሐሰት አይጠበቅም።

አሁን ወደ ዋናው ፍርሃትሽ ልምጣ። ያስፈራሽ የአጽሙ ዕድሜ አይመስለኝም። ያስፈራሽ «መነሻችን ዝቅ ያለ ከሆነ እኛም ዝቅ አልን» የሚለው ስሌት ነው። ይህ ስሌት ግን ከየት መጣ? ቁርኣን ራሱ ስለ መነሻችን ሲናገር አያሞካሸንም። ጭቃ ነበራችሁ ይለናል፤ ከምትናቅ ጠብታ ናችሁ ይለናል። ከዚያው ጋር ግን የአደምን ልጆች እንዳከበረ ይነግረናል። ዝቅ ያለው መነሻና ከፍ ያለው ክብር በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አብረው አሉ፣ ሳይጣሉ።

ከመነሻ ተነስቶ ክብርን ያሰላ የመጀመሪያው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ለአደም ስገድ ሲባል እኔ ከእሳት ነኝ፣ እሱ ከጭቃ፤ ስለዚህ እበልጠዋለሁ አለ። እዚህ ላይ ቆም እንበል። ኢብሊስ ስለ ጭቃው አልዋሸም። አደም በእርግጥ ከጭቃ ነበር፤ እሱም ከእሳት። መረጃው ልክ ነበር፤ ሚዛኑ ነው የተበላሸው። «ከምን ተሠራ?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠውን መልስ «ምን ያህል ይከበራል?» ለሚለው መልስ አደረገው። የመጀመሪያው አጥንት ቆጣሪ እሱ ነው።

የአንትሮፖሎጂ ትምህርት ራሱ በዚህ ስሌት ወድቆ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ፊላዴልፊያ ይኖር የነበረው ሐኪም ሳሙኤል ሞርተን በመቶ የሚቆጠሩ ራስ ቅሎች ሰብስቦ፣ ውስጣቸው ምን ያህል እንደሚይዝ ለክቶ፣ የሰው ዘሮችን ከላይ ወደ ታች ደረደረ። ነጩን አናት ላይ፣ ጥቁሩን ግርጌ። እ.ኤ.አ. በ1906 ኦታ ቤንጋ የተባለ የኮንጎ ሰው ኒውዮርክ በሚገኘው የብሮንክስ የእንስሳት ማቆያ፣ ከጦጣዎች ጋር በአንድ ቤት ለሕዝብ ለዕይታ ቀረበ። ከአሥር ዓመት በኋላ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ያንን ያደረጉት መሃይሞች አልነበሩም፤ የተማሩ ሰዎች ነበሩ፣ መለኪያም በእጃቸው ነበር።

ይሁንና ከዚያው ትምህርት ውስጥ ስህተቱን የተጋፈጡ ተነሱ። በጀርመን የተወለደው ፍራንዝ ቦአዝ እ.ኤ.አ. በ1883 በሰሜን ካናዳ በረዶ ውስጥ ከኢኑይት ሕዝብ ጋር ኖሮ ተመለሰ፤ የአንድ ሕዝብ ባህል ከደሙ የሚመነጭ ሳይሆን ከታሪኩና ከኑሮው የሚማረው መሆኑን ዕድሜ ልኩን ተከራከረ። የዘር ሐረግ ጥናትም ቆይቶ አገዘው። ማንኛውም ሁለት ሰዎች በዲኤንኤ 99.9 በመቶ ገደማ ይመሳሰላሉ። ሪቻርድ ሌዎንቲን እ.ኤ.አ. በ1972 እንዳሳየው፣ በሰዎች መካከል ካለው የዘረመል ልዩነት 85 በመቶ ያህሉ የሚገኘው በዚያው በአንድ ሕዝብ ውስጥ ነው፤ በሕዝብና በሕዝብ መካከል ያለው ትንሹ ነው።

እኛ ሙስሊሞችስ? አል-ቢሩኒ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት የሕንድን ሰዎች ለማወቅ ሳንስክሪት ተምሮ፣ ሊሰድባቸው ሳይሆን የሚሉትን እንደሚሉት ለመዘገብ መጽሐፍ ጻፈ። ኢብን ኻልዱን የጥቁር ቆዳ መነሻ በካም ላይ የወረደ እርግማን ነው የሚለውን ወሬ ስህተት ነው ብሎ ምክንያቱን ወደ አየር ንብረቱ መለሰ። በዚህ እንኮራለን። ነገር ግን ያው ኢብን ኻልዱን በዚያው ሥራው ስለ ጥቁር ሕዝቦች ዛሬ ብናነበው የሚያሳፍረን ነገር ጽፏል። ትልቅ ዓሊም መሆን ከዚህ በሽታ ክትባት አይሆንም። አቡ ዘር (ረ.ዐ) እንኳ፣ ያ የተከበረ ሶሓባ፣ በንዴት አንድን ሰው በእናቱ በሰደበ ጊዜ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ውስጥህ ገና የጃሂሊያ ነገር አለ ብለው ገሰጹት።

የእኛስ ጃሂሊያ? ጣና ዳር የሚኖሩትን ነገደ ወይጦዎች እናስብ። ሙስሊሞች ናቸው። ደንገል አጭደው ታንኳ በመሥራት ይታወቃሉ። የራሳቸው ቋንቋ ጠፍቶ አማርኛ ተናጋሪ ሆነዋል። አባቶቻቸው ጉማሬ አድነው ይበሉ ስለነበር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት ለረጅም ዘመን ተጸየፋቸው፤ አብሮ መብላትም መጋባትም ነውር ሆነ። የጉማሬ ሥጋ ሐላል ነው ወይስ ሐራም የሚለው የፊቅህ ጥያቄ ነው፤ ዓሊም ይጠየቅበታል። በሥጋው ላይ የተሰጠ ፍርድ ግን የልጅ ልጅ ድረስ ወርዶ የሰው ፍርድ የሚሆነው በየትኛው ኪታብ ነው? ሸክላ ሠሪውንስ፣ ቆዳ ፋቂውንስ? ቀን ማረሻችንን የሠራልንን ሰው ማታ ቡዳ እንለዋለን።

ወንድሜ፣ ቀጥቃጭነት ነውር ከሆነ ብረት የለሰለሰለት፣ የጥሩር አሠራር የተማረ አንድ ነቢይ አለን። ዳውድ (ዐ.ሰ) ናቸው። ዘከሪያ (ዐ.ሰ) አናጢ ነበሩ። እናትህ ሁለቱን ነቢያት ይወዳሉ። ልጅ ልኮላቸው ሽማግሌ ቢመጣ ግን «አጥንቱ አይሆንም» ሊሉ ነው ማለት ነው።

አንድ እውነተኛ ክርክር ይመጣብሃል፤ ተዘጋጅ። «ፊቅህ ውስጥ ከፋኣ አለ፤ ባልና ሚስት በዘርና በሙያ እንዲመጣጠኑ ዓሊሞች ጽፈዋል» ይሉሃል። አዎ፣ ከሐነፊዎችም ከሻፊዒዎችም የጻፉ አሉ፤ ኢማም ማሊክ ግን መመዘኛው ዲን ነው ብለዋል። የጻፉትም ቢሆኑ የተነጋገሩት ስለ ትዳር ኑሮ፣ ሴቷና ቤተሰቧ እንዳይቸገሩ ነው። ማን አላህ ዘንድ ይበልጣል የሚለውን ለመደርደር አልነበረም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ደግሞ የቁረይሿን ፋጢማ ቢንት ቀይስን፣ ነጻ የወጣ ባሪያ ልጅ የሆነውን ኡሳማ ኢብን ዘይድን እንድታገባ መከሯት። መጀመሪያ አልወደደችውም፤ በኋላ ግን በትዳሩ መልካም ነገር እንዳገኘች ራሷ ተናግራለች።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ኪብር ምን እንደሆነ ሲጠየቁ በሁለት ነገር አስረዱ፦ ሐቅን መግፋትና ሰውን መናቅ። የሁለቱ መልእክቶቻችን መልስ እዚህ ነው። መረጃን ስለማይመቸን ብቻ መግፋት የኪብር አንዱ ክንፍ ነው። ሰውን በአጥንቱ መናቅ ሌላው ክንፍ ነው። እኛ ደግሞ ሁለቱንም ገልብጠን አንዳንዴ «የሰው ዘር መገኛ ነን» ብለን በድንቅነሽ ስንኮራ፣ እሷን ባቀፈው ምድር የሚኖረውን አፋር ግን ማወቅ አንፈልግም። ያም ቢሆን አጥንት ቆጠራ ነው፤ ለራስ ሲሆን ስለሚጣፍጥ ነው የማይታወቀን።

የሱረቱል ሑጁራት 13ኛው አንቀጽ ጥሪው ለሰው ሁሉ ነው። ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት መምጣታችንን ካስታወሰ በኋላ ሕዝብና ጎሳ የተደረግነው እንድንተዋወቅ እንደሆነ ይነግረናል። ክብርን ግን በተቅዋ ብቻ አሰረው፤ ተቅዋን ደግሞ የሚያይ አላህ ብቻ ነው። ስለዚህ የክብር ደረጃ ዝርዝሩ በማናችንም እጅ የለም። የተሰጠን ሥራ መተዋወቅ ነው። አንትሮፖሎጂ መልካም ሲሆን ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ ሲበላሽ ደግሞ የኢብሊስን።

እህቴ፣ ፈተናሽን ተቀመጪ፤ የተማርሽውን በታማኝነት ጻፊ፤ ያላወቅሽውን ጠይቂ፤ ክብርሽ በአጽም ዕድሜ እንደማይጨምርም እንደማይቀንስም እወቂ። ወንድሜ፣ እናትህ ላይ ድምፅህን አታንሣ። የእናት ሐቅ ከባድ ነው፤ ይህን ያወረሷቸውም ሌሎች ናቸው። የሚያከብሩትን ኢማም ወይም አጎት ላክባቸው፤ የዳውድን ታሪክ በቡና ሰዓት አንሣላቸው፤ ልጅቷን አንድ ጊዜ እንዲያዩዋት ብቻ ለምን። እሺ ይሉ እንደሆነ ቃል ልገባልህ አልችልም። ዝም ካልክ ግን ይኸው ቃል ነገ ለልጆችህ እንደሚተላለፍ አትጠራጠር።

ሌሎቻችን ደግሞ ዛሬ ከጁሙዓ ስንወጣ ቤተሰባችን አብሮት የማይበላውን አንድ ሰው እናስብ። ስሙን እናውቀዋለን? ካላወቅን እሱን በመጠየቅ እንጀምር።

አላህ ሆይ፣ ሐቅን ሐቅ አድርገህ አሳየን፤ መከተሉንም ስጠን። ከአፈር መሆናችንን አስታውሰን፤ በአፈር የፈጠርከውን ሰው ከመናቅ ልባችንን አጽዳልን። አሚን።