አሮጌውን መጠበቅ ለማን ይጠቅማል?



በኩርሙክም ሆነ በአሶሳ፣ በአንድ ቢሮ ጥግ አቧራ የለበሰ አሮጌ ኮምፒዩተር ብናይ «ይህ ለምን አይጣልም?» ማለታችን አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የማይሠራ ዕቃ ማከማቸት ቦታ ማጣበብ ነውና። ነገር ግን ከመጣሉ በፊት ሌላ ጥያቄ አለ፤ በውስጡ ያለው ጽሑፍ የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1982 ኮሞዶር 64 የተባለ የቤት ኮምፒዩተር ለገበያ ቀረበ። ስሙ የሚያመለክተው ሜሞሪው 64 ኪሎባይት መሆኑን ነው። ይኸው ኩባንያ ቆየት ብሎ አሚጋ የተባለውን ሠራ፤ በ1994 ግን ከሰረ። ሆኖም ወዳጆቹ እስከ ዛሬ ያረጁትን ክፍሎች እየነቀሉ በአዲስ ይተካሉ፤ ከሚደክሙት ዲስኮች ላይ ፕሮግራሞችን ይገለብጣሉ። የስዊዘርላንድ ተማሪዎችም በ1992 ለአሚጋ ፕሮግራሞች አሚኔት የተባለ ማከማቻ በኔትወርክ ላይ ከፍተው ነበር። ኩባንያው ፈረሰ፤ ተማሪዎቹ የጀመሩት ማከማቻ ግን ቆመ።

ይህ የባዕድ አገር ጨዋታ ነው የሚል ካለ፣ ወደ ራሳችን ፊደል ይመልከት። በቀደሙት ዓመታት የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር የሚጻፈው በላቲን ፊደላት ቦታ እየተተካ ነበር፤ አተካኩም እንደየፕሮግራሙ ይለያያል። ፊደላችን በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያም በኋላ ብዙዎች ለዓመታት በአሮጌው መንገድ ጽፈዋል። እንዲህ የተጻፈ ፋይል ያለ ፊደል ገበታው ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ይሆናል። ጽሑፉ አልጠፋም፤ አንባቢው ጠፋ እንጂ።

ብራና ለዓይን ይነበባል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ከብራና መጻሕፍቶቻችን ብዙ ሺዎቹ የተነሡበት ማይክሮፊልም እንኳ በብርሃንና በማጉያ መነጽር ሊታይ ይችላል። ፍሎፒ ዲስክ ግን አንባቢ መሣሪያው ከሌለ ከጥቁር ፕላስቲክ አይለይም። የእኛ ትውልድ ጽሑፍ ከአባቶቻችን ጽሑፍ ይልቅ በቶሎ ዲዳ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ መጠበቅ ምንድን ነው? ዕቃ ወድዶ መቆለፍ ከሆነ ስስት ነው። የሌላውን ሥራ ሳያስፈቅዱ መሸጥም መጠበቅ አይባልም። እውነተኛ ጠባቂ ለማያውቀው ሰው ይሠራል፤ ገልብጦ ያካፍላል፣ አከፋፈቱንም ጽፎ ይተዋል። ሁሉም አሮጌ ኮምፒዩተር ይቆይ አንልም፤ በአንድ ከተማ አንድ የሚሠራ ማንበቢያ ቢኖር ይበቃል። «ድኻ አገር ለዚህ ምን ጊዜ አለው?» ቢባል፣ የጠፋን መዝገብ እንደገና ለመሰብሰብ የሚወጣው ጉልበት ይበልጣል ብለን እንመልሳለን። ሽማግሌው ካለፉ በኋላ ቃላቸውን ማን መልሶ ይነግረናል?

ስለዚህ ወገኖቼ፣ የቆየ ዲስክ በእጃችሁ ቢገባ ከሙቀትና ከአቧራ ጠብቁት። በምን ፕሮግራም እንደተጻፈ ጠይቃችሁ በላዩ ጻፉ። የሚከፍተው ሲገኝ ወደ ዩኒኮድ አስለውጡት፤ በሁለት ቦታ አኑሩት፤ ዋናውንም በወረቀት አትሙት። ይህን ለማድረግ የኮምፒዩተር ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ከእኛ በኋላ የሚያነብ ሰው እንዳለ ማሰብ ይበቃል።