ገብረ ኢትዮጵያውያን

አንድ ካህን በ1622 እ.ኤ.አ. በላቲን የጻፋት አንዲት መስመር እንቅልፍ ነሳችኝ። ጴጥሮስ ክላቨር ይባላል፤ የካታሎኒያ ሰው ነው። ዛሬ ኮሎምቢያ በምንላት አገር፣ በካርታሄና ወደብ፣ በኢየሱሳውያን ማኅበር የመጨረሻ መሐላውን ሲፈጽም «የኢትዮጵያውያን ባሪያ ለዘላለም» ብሎ ፈረመ።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን አልበረከተም፤ በዘመኑ ላቲን «ኢትዮጵያዊ» ማለት ጥቁር ሁሉ ነው። እሱ የማለላቸው ከአንጎላና ከጊኒ ጠረፍ በሰንሰለት ታስረው የመጡትን እንጂ የጎጃምና የደምቢያን ሰው አልነበረም። የሚገርመው፣ በዚያው ዓመት የማኅበር ወንድሞቹ እኛ ዘንድ አፄ ሱስንዮስን ወደ እምነታቸው አስገብተው ነበር። አንዱ ቤተ መንግሥት ሲገባ ሌላው መርከብ ሆድ ውስጥ ይወርድ ነበር።

መውረዱን አልጠራጠርም። መርከብ መጣ ሲባል ውሃ፣ ፍራፍሬና ትምባሆ ይዞ ይሮጣል፤ የታመመውን በገዛ ካባው ይሸፍናል፤ ቁስል ያጥባል። ሽታው ሌላውን ሰው ከደጃፍ በሚመልስበት ጎተራ እሱ ቀኑን ይውላል። ይህን ወደ 40 ዓመት አደረገው።

ታዲያ ምን ጎረበጠኝ? ባርነት ራሱ ይቅር ብሎ አለመጮሁ። ይባስ ብሎ የሚያስተረጉሙለት ሰዎች የማኅበሩ ኮሌጅ ባሮች ነበሩ። የባሪያ ባሪያ ነኝ የሚል ሰው ባሪያ ያዛል?

«የዘመኑ ልጅ ነው» ብዬ ልተወው አሰብኩ። ይህች ምክንያት ምቹ ናት፤ ምቹነቷ አጠራጠረኝና መረመርኳት። እሱ በ1654 እ.ኤ.አ. ከሞተ 30 ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ሁለት ካፑቺን መነኮሳት፣ ፍራንሲስኮ ሆሴ ዴ ሃካና ኤፒፋኒዮ ዴ ሞይራን፣ ሃቫና ላይ ባሮቹ ነፃ ይውጡ ብለው ሰበኩ፤ ታሰሩም። ስለዚህ ሐሳቡ ለዚያ ዘመን ሰው የማይደረስበት አልነበረም። በሌላ በኩል፣ እነሱን ከከተማው አባረሯቸው። ክላቨር ቢጮህ ኖሮ በማግስቱ የሚደርሰውን መርከብ ማን ይቀበለው ነበር? ይህም ቢሆን መልስ አይሆንም፤ ዝም ያለ ሁሉ እንዲህ ይላልና።

ደግሞስ እኔ በየትኛው አፌ ነው የምፈርደው? በአገሬ ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1942 እ.ኤ.አ. ነው፤ «ባሪያ» የሚለው ቃል ግን ስድብ ሆኖ እስከ ዛሬ ከአፋችን አልወጣም። ግእዙን ብናየው «ገብር» ባሪያም አገልጋይም ነው። ልጆቻችንን ገብረ ኢየሱስ፣ ገብረ ማርያም ብለን በደስታ እንሰይማለን፤ ለላይኛው ገብር መሆን ክብር ነው። ወደታች፣ ገበያ ላይ ለሚሸጠው ሰው ገብር ነኝ ያለ ግን አላውቅም። ክላቨር ብሏል። ይህን ልነሳው አልችልም።

ቅድስናው በ1888 እ.ኤ.አ. ታወጀ፤ ብራዚል ባርነትን የሻረችው በዚያው ዓመት ነው። ስለ እሱ የምናውቀውም አብዛኛው ከአስተርጓሚዎቹ አንደበት የተገኘ ነው። ከአንጎላ የመጣው አንድሬስ ሳካቡቼ ለቅድስናው ምርመራ ቀርቦ መስክሯል።

ከሁሉ የማይለቀኝ ግን መጨረሻው ነው። አራት ዓመት ያህል እጁ እየተንቀጠቀጠ ክፍሉ ውስጥ ተኛ። የሚያስታምመው አንድ ጥቁር ሰው ተመደበለት፤ ያ ሰው ምግቡን እየበላበት፣ ሳያጥበው እየዋለ አንገላታው ይላሉ። ክላቨር አልከሰሰውም። ገድል ጸሐፊዎች ይህን ለትዕግሥቱ ማሳያ ያደርጉታል። እኔ ግን ዓይኔ አስታማሚው ላይ ይቀራል። ስለዚያች ፊርማ ነግረውት ይሆን?