የአረፋው ውስጥና ውጭ

አምቦ ከተማ ሻይ ቤት ተቀምጠህ አንድ ጠርሙስ የአምቦ ውሃ ስታስከፍት ምን ታያለህ? ቆርኪው እስኪነሳ ድረስ ውሃው ጭር ያለ ነው፤ ምንም የለበትም ብለህ ትምላለህ። ቆርኪው ሲነሳ ግን አረፋው ይንጋጋል። ጋዙ ድሮም ነበረ፤ ባዶ ያልነው እኛ ነን። ለመሆኑ አንድን ነገር ባዶ ነው ብለን ከሒሳብ ለመሰረዝ መብት የሚኖረን መቼ ነው?

ጥያቄው የሻይ ቤት ወግ ይመስላል፤ የፊዚክስ ሊቃውንትን ግን ሲያሟግት ኖሯል። በኳንተም ትምህርት መሠረት አየሩ ተመጥጦ፣ ብርሃኑ ጠፍቶ፣ ሙቀቱም ተሟጦ ቢያልቅ እንኳ የቀረው ስፍራ ጸጥ አይልም። እያንዳንዱ የሞገድ ዓይነት ጥቂት ጉልበት ይዞ ይቀራል። የሞገዱ ዓይነት ማለቂያ ስለሌለው ድምሩም ማለቂያ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1948 ሆላንዳዊው ሄንድሪክ ካሲሚር ሁለት ዝርግ ብረቶችን ፊት ለፊት አቆመ፤ በወረቀት ላይ ማለቴ ነው። የክራር ጅማት ሁለት ጫፉ ስለታሰረ ከርዝመቱ ጋር የሚስማማውን ድምፅ ብቻ ያወጣል አይደል? በብረቶቹ መካከልም እንደዚያው ነው፤ ለክፍተቱ የሚስማሙት ሞገዶች ብቻ ይቀራሉ። ካሲሚር የማያልቀውን ከማያልቀው ቀነሰና አንዲት ትንሽ ቁጥር አገኘ፦ ብረቶቹ ይሳሳባሉ። በ1997 ስቲቭ ላሞሮ በመሣሪያ ለክቶ አረጋገጠው።

ለዕረፍት ጉደር ሄጄ ይህን ለአክስቴ አጫወትኳቸው። አዳዳ ሱቅ አላቸው፤ ደብተራቸውም ጥርት ያለ ነው። ሰምተው ሰምተው፣ "ልጄ፣ ያንን የማያልቀውን የት ጣላችሁት? እኔ ዱቤዬን እንዲህ ብሰርዝ ሌባ ትሉኝ የለም ወይ?" አሉኝ። ሳቅሁ፤ ግን መልስ አልነበረኝም።

መልሱን የሚያስቸግረው ደግሞ ጎባጣው ግድግዳ ነው። ካሲሚር በ1953 ኤሌክትሮንን እንደ አንዲት ድቡልቡል ቅርፊት ብናስባት፣ ያው መሳሳብ ይዟት እንዳትበተን ያደርጋታል ብሎ ተስፋ አደረገ። ተስፋው ያምር ነበር። በ1968 ቲሞቲ ቦየር አድካሚውን ሒሳብ ሠርቶ ሲጨርስ ምልክቱ ተገልብጦ ተገኘ፤ ድቡልቡሏ ወደ ውጭ ትገፋለች! ከዝርጉ የተማርነው ለድቡልቡሉ አልሠራም። ይህንንም ማንም ሰው በግምት ሊያውቀው አይችልም ነበር። ከዚህ ይልቅ እኔን የያዘኝ ሌላው ነገር ነው፦ ግድግዳው በጎበጠበት ስፍራ፣ ወደ ግድግዳው በተጠጋህ ቁጥር የጉልበቱ ክምችት ያለ ገደብ ያድጋል። ቦየር የተወሰነ ቁጥር ሊያገኝ የቻለው የቅርፊቷን ውስጥና ውጭ አብሮ ስለቆጠረ ነው፤ የውስጡ ጉብጠት ከውጩ ጋር ይጣፋል። ውስጡን ብቻ ልቁጠር ያለ ሰው ቁርጥ ያለ መልስ አያገኝም።

አሁን ወደ አረፋችን እንመለስ። ውሃ ውስጥ ያለች አረፋ በድምፅ ሞገድ በኃይል ስትጨመቅ ብልጭ ትላለች። የኖቤል ተሸላሚው ጁሊያን ሽዊንገር በመጨረሻ ዕድሜው ብልጭታው የመጣው ከዚያው "ባዶ" ጉልበት ነው ብሎ ጻፈ፤ በ1994 አረፈ። ኪምቦል ሚልተን የሽዊንገር ተማሪ ነበር። ሒሳቡን ደግሞ ሲሠራው መምህሩ ያስገባው ትልቁ ቁጥር መግባት አልነበረበትም አለ። እንዴት ቢሉ፣ ያ ጉልበት የውሃው የራሱ ነው፤ በውሃው ክብደት ውስጥ አስቀድሞ ተቆጥሯል። እሱ ሲወጣ የሚተርፈው ለብልጭታው በፍጹም አይበቃም። ሁሉም አልተስማማም፤ ለሽዊንገር የተሟገቱም ነበሩ። ዛሬ ብዙዎቹ ብርሃኑን የሚያወጣው በአረፋዋ ውስጥ ታፍኖ የጋለው ጋዝ ነው ይላሉ። ሚልተን ያንን ሁሉ ከጻፈ በኋላ የሽዊንገርን የሕይወት ታሪክ ከሌላ ጸሐፊ ጋር ሆኖ አሳተመ።

ይህን ይዤ እንደገና ወደ ሱቁ ሄድኩ። "አዳዳ፣ የጣልነው የተደበቀ ዕዳ አይደለም፤ በሌላ ገጽ የተጻፈ ነው" አልኳቸው። "እሱማ ሁለቴ መቁጠር ነው፤ እንዲህ ከሆነ ይሰረዝ፤ ግን የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ አሳዩኝ" አሉ። በእኔ አስተያየት ከዚህ የተሻለ የፊዚክስ ሕግ ያስተማረኝ የለም። ቀጥለውም፣ "ልጁ ግን መምህሩ በሕይወት ቢኖሩ ፊት ለፊት ይነግራቸው ነበር?" ብለው ጠየቁኝ።

ዝም አልኩ። ባለፈው ሴሚስተር አንድ የምወዳቸው መምህር ሰሌዳ ላይ ሲቀንሱ መደመር የነበረበትን ምልክት ሳቱ። አይቻለሁ። እጄን ላነሳ አስቤ ተውኩት፤ እንዲያውም ሰሌዳው ላይ እንዳለ ገለበጥኩት። ስሕተቱ እስከ ዛሬ ደብተሬ ላይ በራሴ እጅ ጽሑፍ አለ።