ወሰን ገፊውና ግንበኛው

አንድ ሰው ከአንዲት ባልቴት ይዞታ አጠገብ ቤት ሊሠራ ተነሣ። በመሐላቸው አጥር አልነበረም፤ የቤቱ ግድግዳ ራሱ ወሰን ሊሆን ተስማምተዋል። ፊቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 6 ሜትር እንዲሆን ባልቴቲቱ ቆመው እያዩ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ አራት ችካሎች ተከለ፤ ሲባጎም አሰረ።

ሌሊቱን ግን ሰውየው እንቅልፍ እምቢ አለው። ተነሥቶ በጓሮ በኩል ያሉትን ሁለት ችካሎች ነቀለና ወደ ባልቴቲቱ በኩል 25 ሳንቲ ሜትር ገፍቶ ተከላቸው። ሲባጎውን መልሶ ወጠረ፤ በባትሪ ብርሃን አራቱንም ጎን ለካ። ፊትና ኋላው ስምንት ስምንት፣ ግራና ቀኙ ስድስት ስድስት። ጎኖቹ የረዘሙት በግማሽ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ያንን ማን ይቆጥረዋል? ልቡ ረጋና ተኛ።

ጠዋት ሽማግሌው ግንበኛ መጣ። ቁፋሮ ከማስጀመሩ በፊት ሜትሩን የዘረጋው በጎኖቹ ላይ አልነበረም፤ ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ወጠረው። አንዱ ሰያፍ 10 ሜትር ከ20 ሆነ። ሌላው 9 ከ80።

ጎን መለካት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። አራት ጣውላ ጫፍና ጫፉን በምስማር መትታችሁ አንዱን ጥግ ግፉት፤ ጎኖቹ ሳያጥሩ ሳይረዝሙ ቅርጹ ይዘማል። የሚያጋልጠው ሰያፉ ነው። 6 በ8 የሆነ ቤት ማዕዘኑ ቀጥ ካለ ሁለቱም ሰያፎች 10 ሜትር ይመጣሉ፤ ግንበኞች ሦስት፣ አራት፣ አምስት የሚሉት ልክ በእጥፍ ማለት ነው። ይህን ሳያይ መሠረት የሚያወጣ ሰው ጥፋቱን የሚያገኘው ጣሪያ ላይ፣ ቆርቆሮው አልገጥም ሲለው ነው። ያን ጊዜ ግድግዳ አይነቀልም።

«ልጄ፣ ትናንት ያሰርኩት ሲባጎ ይህ አይደለም» አለ ሽማግሌው።

«ጋሼ፣ ጎኖቹን ይለኳቸው፤ ሁሉም ልክ ናቸው።»

«ልክ ናቸው። ቤትህም ትናንት 48 ካሬ ነበር፣ ዛሬም 48 ካሬ ነው። አንድ ጋት አልሰፋልህም። ከእሳቸው የወሰድከውን ያህል በዚያኛው ጎን ትተኸዋል። የተረፈህ የዘመመ ቤት ብቻ ነው።»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው አልጮኸበትም፤ ሠራተኞቹም እንዲሰሙ አላደረገም። ግን አንድ ነገር አለ፤ ባልቴቲቱ መጥተው የሜትሩን ጫፍ ካልያዙ ዶማ አይነሣም። ሰውየው ራሱ ሄዶ በራቸውን አንኳኳ፤ ያደረገውንም ደጃፋቸው ላይ ቆሞ ነገራቸው። እሳቸውም ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ችካሎቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ ሰያፎቹ ተለኩ፤ አሥርና አሥር።

ባልቴቲቱ ሜትሩን አልለቀቁም። በይዞታቸው በዚያኛው ጫፍ፣ በሌላኛው ጎረቤታቸው ወሰን ላይ የቆመ ማድቤት አላቸው።

«እሱን ደግሞ ለኩልኝ» አሉ። «ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በዓይኑ ገምቶ ነው የሠራው። የሰው መሬት ገፍቼ ተቀምጬ እንደሆነ ልወቀው።»

ሽማግሌው ሠራተኞቹን ቁፋሮ አስጀመረና፣ ሰውየውን «ና፣ ያንን ጫፍ ያዝ» ብሎ ወደ ማድቤቱ ይዞት ሄደ።