ዘርና ክብር

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል ያገራችን ሰው። የተረቱ ትርጓሜ፥ ሰው ምንም ቢማር፥ ምንም ቢመከርና ቢገሠጽ፥ ከወላጆቹ የወረሰው ባሕርይ ከልጓሙ ይበረታል ማለት ነው። ይህ አሳብ በሁለት ወገን ሲሠራበት ይኖራል። ባንድ ወገን ደግ የሠራውን ሰው ለማመስገን፥ «የማን ልጅ ሆነና!» ይባልበታል። በሌላው ወገን ደግሞ ያጠፋውን ሰው ብቻ ሳይሆን፥ ገና ምንም ያልሠራውን ልጁን ጭምር ለመኰነን፥ «የእባብ ልጅ እባብ» ይባልበታል። እንግዲህ ልንመረምረው የሚገባን ጥያቄ ይህ ነው፤ ከወላጆቻችን የምንወርሰው ባሕርይ እንዳለ የታወቀ ነው፤ ክብርና ውርደትስ አብረው ይወረሳሉን?

ለዚህ መልስ ለመስጠት፥ አስቀድሞ ውርስ በሕያዋን ፍጥረታት ዘንድ እንዴት እንደሚተላለፍ ማወቅ ያስፈልጋል። የቀድሞ ሰዎች ያባትና የናት ባሕርይ በልጁ ውስጥ እንደ ወተትና እንደ ውሃ የሚደባለቅ ይመስላቸው ነበር። ይህን አሳብ ያፈረሰው ግሬጎር ሜንዴል የተባለ መነኵሴ ነው። ሜንዴል ዛሬ በቼክ ሪፑብሊክ ውስጥ በምትገኘው በብርኖ ከተማ በገዳም ይኖር ነበር፤ በገዳሙም የአትክልት ቦታ ከ1856 እስከ 1863 እ.ኤ.አ. ድረስ አተር እየዘራ፥ አንዱን ዐይነት ከሌላው ጋር እያዳቀለ፥ ፍሬውን አንድ በአንድ ይቈጥር ነበር። ድብልብል ፍሬ ያለውን አተር ጭምድድ ፍሬ ካለው ጋር ባዳቀለ ጊዜ፥ የተገኘው ፍሬ ሁሉ ድብልብል ሆነ። መካከለኛ የሚባል አልታየም፤ የጭምድዱም ባሕርይ ፈጽሞ የጠፋ መሰለ። ዳሩ ግን እነዚያን ድብልብሎች ዘርቶ በገዛ ራሳቸው ዘር እንዲያፈሩ ባደረገ ጊዜ፥ ከ7,324 ፍሬዎች ውስጥ 5,474ቱ ድብልብል፥ 1,850ዎቹ ጭምድድ ሆነው ተገኙ። ይኸውም ሦስት እጅ ለአንድ እጅ ያህል ነው።

ከዚህ ቍጥር ሜንዴል ታላቅ ነገር ተረዳ። እያንዳንዱ ተክል ለያንዳንዱ ባሕርይ ሁለት ድርሻ አለው፤ አንዱ ካባቱ፥ አንዱ ከናቱ የመጣ ነው። ከሁለቱ አንደኛው ገዢ፥ ሁለተኛው ስውር ሊሆን ይችላል። ስውሩ ቢሸፈንም አይደባለቅም፥ አይጠፋም፤ ጊዜውን ጠብቆ በልጅ ልጅ ላይ እንደ ነበረ ይገለጣል። ይህ ጥናት በ1866 እ.ኤ.አ. ቢታተምም ያስተዋለው አልነበረም። ሜንዴል በ1884 ከሞተ በኋላ፥ በ1900 እ.ኤ.አ. በልዩ ልዩ አገር የነበሩ ሊቃውንት ወደዚያው ሕግ ደረሱ። እነዚያም ድርሻዎች ዛሬ ጂን ይባላሉ።

በሰው ዘንድ ጂኖች የሚገኙት ክሮሞዞም በሚባሉ 23 ጥንዶች ላይ ነው። ወላጅ ለልጁ ከያንዳንዱ ጥንድ አንዱን ብቻ ይሰጣል፤ የትኛው እንደሚደርሰውም እንደ ዕጣ ነው። በዚህ ዐይነት አንድ ወላጅ ብቻውን ከስምንት ሚሊዮን የሚበልጥ ልዩ ልዩ አከፋፈል ሊያስገኝ ይችላል። ካንድ ማሕፀን የወጡ ወንድማማቾች በመልክና በጠባይ የሚለያዩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከዚህም የመጀመሪያውን የምግባር ትምህርት እናገኛለን። በዕጣ የደረሰንን ነገር አልሠራነውም፥ አልመረጥነውም፤ ስለዚህ የምንኰራበትም የምናፍርበትም ምክንያት የለም።

ባገራችን ጋብቻ ሲታሰብ ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቈጠራል። ለማንኛውም ሰው ሁለት ወላጆች፥ አራት አያቶች፥ ስምንት ቅድመ አያቶች አሉት። እንዲህ እያልን ወደ ላይ ብንወጣ በሰባተኛው ትውልድ ላይ 128 ቦታዎች እናገኛለን። በትውልዱ የሚመካ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከነዚህ መካከል የአንዱን ስም ብቻ ነው የሚጠራው። ያ አንዱ ደጃዝማች ቢሆን፥ የቀሩት 127ቱ እነማን ነበሩ? አራሾች፥ ሸማኔዎች፥ እረኞች፥ ስማቸው ያልተጻፈ እናቶች አልነበሩባቸውምን? ወደ ዐሥራ አምስተኛው ትውልድ ስንደርስማ፥ ከዚያ ካሉት ቅድመ አያቶቻችን የሚበዙት አንድ ጂን እንኳ አላስተላለፉልንም። ስማቸውን የምንጠራቸው አባቶች በሥጋችን ውስጥ ላይገኙ ይችላሉ፤ የዘነጋናቸው ግን ይገኙ ይሆናል።

ሁለተኛውም ትምህርት ከዚህ አያንስም፤ የተወረሰ ሁሉ የማይመለስ ዕጣ አይደለም። ፊኒልኬቶንዩርያ የሚባል በሽታ አለ። ልጅ ይህን በሽታ የሚወርሰው ስውሩን ጂን ካባቱም ከናቱም ሲቀበል ነው። ሕፃኑ በምግብ ውስጥ የሚገኘውን አንድ የፕሮቲን ክፍል በሚገባ ለማዋሐድ ስለማይችል አእምሮው ይጐዳል። ነገር ግን ገና በተወለደ በጥቂት ቀን ውስጥ ታውቆ፥ ያ ነገር የተቀነሰበት ምግብ ቢሰጠው፥ እንደ እኩዮቹ ያድጋል፥ ይማራል። ጂኑ አልተለወጠም፤ የሕፃኑ ዕድል ግን ተለወጠ። እንግዲህ ዘር ቢስብም፥ እውቀት ያለው እጅ ልጓሙን ሊይዘው ይችላል።

ይህን ሚዛን የሳቱ መንግሥታት ምን ጥፋት እንዳደረሱ ያለፈው መቶ ዓመት ታሪክ ይመሰክራል። የጀርመን ናዚዎች ዘር ሁሉ ነገር ነው አሉ። በ1933 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ መሠረት ወደ 400,000 የሚጠጉ ሰዎችን «ዘራቸው መጥፎ ነው» ብለው እንዳይወልዱ አመከኗቸው፤ በኋላም ይኸው አሳብ ሕሙማንንና በሚሊዮን የሚቈጠሩ አይሁድን ወደ መፍጀት አደረሳቸው። በሶቭየት ኅብረት ደግሞ ሊሴንኮ የተባለው ሰው በተቃራኒው የሜንዴልን ሕግ ሐሰት ነው አለ፤ መንግሥቱም ደገፈው። በ1927 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን መጥቶ የስንዴና የገብስ ዘር የሰበሰበው፥ ኢትዮጵያም የብዙ አዝርዕት መገኛ ከሆኑት የዓለም ክፍሎች አንዷ መሆኗን የመሰከረው ታላቁ ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ይህን ተቃውሞ ስለ ተከራከረ፥ በ1940 ታስሮ በ1943 በወህኒ ቤት ሞተ። ያኛው ዘርን አመለከ፥ ይህኛው ዘርን ካደ፤ ሁለቱም ተፈጥሮ የምትናገረውን ከመስማት ይልቅ የሚወዱትን እንድትናገር አስገደዷት።

የሌላውን አገር ጥፋት መቍጠር ቀላል ነው፤ ወደ ቤታችንም እንመልከት። ብረት የሚቀጠቅጠው፥ ሸክላ የምትሠራው፥ ቆዳ የሚፍቀው ሰው በብዙው ያገራችን ክፍል ሲናቅ፥ «ዘሩ ልዩ ነው» ሲባልበት፥ ከጋብቻም ሲገለል ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከልክለው ነበር፤ ንቀቱ ግን ከዐዋጁ ይልቅ ዕድሜ አገኘ። በደቡብ ኢትዮጵያ በአሪ ሕዝብ መካከል፥ ቀጥቃጮቹ ከአራሾቹ ፊት በዚያ ይኖር የነበረ የሌላ ሕዝብ ቅሬታ ናቸው ይባል ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የጂን ጥናት ግን የሁለቱ ወገን ምንጭ አንድ መሆኑን አሳየ። በመካከላቸው የሚታየው ልዩነት የመጣው፥ ቀጥቃጮቹ ተገልለው፥ ጥቂት ሆነው እርስ በርሳቸው ብቻ በመጋባታቸው ነው። ነገሩን ልብ ብለን እንመልከተው። ልዩነቱ ንቀቱን የወለደው መስሎን ነበር፤ ለካ ልዩነቱን የወለደው መገለሉ ኖሯል! በደሉ ራሱ ማስረጃውን ሠራና፥ ማስረጃውን መልሶ ምክንያት አደረገው።

«ታዲያ ያባቶቻችን መታሰቢያ ከንቱ ነውን?» የሚል ይኖራል። ከንቱስ አይደለም። ሰው ሁለት ውርስ አለው። አንደኛው የሥጋ ውርስ ነው፤ ይህ ሳንለምነው ይመጣል። ሁለተኛው የቋንቋ፥ የእምነት፥ የሙያና የምግባር ውርስ ነው፤ ይህ ግን በደም አይተላለፍም። የሊቁ ልጅ ፊደል ቈጥሮ አይወለድም፤ እንደ ገበሬው ልጅ ከ«ሀ» ይጀምራል። ያባቱን ጀግንነትም ራሱ ካልሠራው በቀር ከስሙ ጋር አይቀበለውም። ስለዚህ አባቶችን ማክበር ማለት በሥራቸው መመካት ሳይሆን፥ ሥራቸውን እንደ ገና መሥራት ነው። ይህም ውርስ ለወለዱት ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ ለሚማር ሁሉ ክፍት ነው።

እንግዲህ በመዝገብ ፊት የተቀመጠ ባለሥልጣንም፥ በክፍል ውስጥ የቆመ መምህርም፥ አንድ ወጣት በፊቱ ሲቀርብ ሁለት ጥያቄዎች በአሳቡ ይመጣሉ። አንዱ «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ነው፤ ሁለተኛው «ምን ታውቃለህ? ምንስ ልትሠራ ትችላለህ?» የሚለው ነው። ወጣቱ ለመጀመሪያው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ እርሱ ያልሠራውን ይናገራል። ፍርድ የሚገባው በሁለተኛው ነው፤ ለዚያ የሚመልሰው አጥቶ ቢገኝ ግን፥ ከዘሩ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ሳያስተምረው የቀረው ወገን ነው።